ደመና ሲያይ ባጃጅ የሚጠራ ትውልድ

እግዜር ለብስክሌት ብሎ አንድ ከተማ ደልድሎ ከሠራ ሀዋሳን ነው የሠራው። እኛ ደግሞ ተቀብለን ለባጃጅ አስረከብናት። ብሶቴ ይኸው ነው። ከዚህ ወዲያ የምለው ሁሉ የዚሁ ዝርዝር ስለሆነ፣ የሽማግሌ ምሬት የሚሰለቸው ሰው «ወራጅ አለ» ብሎ እዚሁ ላይ መውረድ ይችላል።

ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የመሬት አቀማመጥ ሲነሳ አፌን መያዝ አይሆንልኝም። ሀዋሳ የተቀመጠችው ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ ሆዱ ባዶ ሲቀር ወደ ውስጥ በሰመጠ ሰፊ ጎድጓዳ መሬት ላይ ነው። አንዱን ጎን ሐይቁ ያዘው፣ የቀረውን ሜዳ ለእኛ ተወልን። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነን፤ ላብ አያጠምቀን፣ ብርድ አያንዘፈዝፈን። ከጥቁር ውሃ ድልድይ ተነስተህ መሀል ከተማውን አቋርጠህ እስከ ሪፈራል ሆስፒታል ብትነዳ ከኮርቻህ የሚያስወርድህ ዳገት አይገጥምህም። ታቦርና አላሙራ እንኳ ተራራ ሆነው ሳለ ዳር ዳሩን ይዘው ቆሙ እንጂ መንገድ ላይ አልተጋረጡም። ከተማዋም በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር በቀያሽ እጅ ነው፤ ጎዳናዋ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ የተተከለበት። የአዲስ አበባ ሰው ብስክሌት ይቅርብኝ ቢል እፈርድለታለሁ፤ ከፒያሳ ቀና ብሎ እንጦጦን ሲያይ ገና ሳይነዳ ያልበዋል። የደሴም ሰው፣ የጎንደርም ሰው ሰበብ አለው። የሀዋሳ ሰው ሰበቡ ምንድን ነው?

ደመና ነው! ደመና! ዝናብ እንኳ አይደለም።

ጡረታዬ ለሽንኩርት ስለማይበቃ አሁንም በአንድ የግል ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ከአቶቴ ተነስቼ ወደ መነኻሪያ በኩል ጠዋት እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ፤ በጋ ሆነ ክረምት በዚያችው በጥቁር ፎኒክስ ብስክሌቴ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጎረምሳ አለ፤ ደረቱ ሰፊ፣ ጂም ቤት ከፍሎ ብረት የሚያነሳ። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ታዲያ ይህ ልጅ ጠዋት በመስኮት ያያል፤ አላሙራ አናት ላይ የሆነች ዳመን ያለች ነገር ካለች ስልኩን አንስቶ ባጃጅ ይጠራል። ባጃጁ ይዘገያል፤ እሱም ይዘገያል። ሲገባ «ጋሼ፣ ዛሬ አየሩ ከባድ ነው» ይለኛል። እኔ በዚያው አየር ውስጥ አልፌ፣ ፊርማዬን ፈርሜ፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ ጋዜጣ ገልጬ ተቀምጫለሁ። ከዚያ ማታ ሄዶ ጂም ቤት ውስጥ የቆመ ብስክሌት ላይ ወጥቶ ይረግጣል አሉ። ቆሞ የማይሄድ ብስክሌት! ለዚያውም እየከፈለ! እኔ በሕይወት ሳለሁ ይህን አይቻለሁና ከእንግዲህ የሚገርመኝ የለም።

አንድ ሰው ደግሞ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የሚባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኢትዮጵያን «የ13 ወር ፀሐይ አገር» ብሎ ለዓለም አስተዋወቃት። ፈረንጅ ይህን አምኖ ባሕር ተሻግሮ መጣ። እኛ ግን አላመንንም። የእህቴ ልጅ ፊንላንድ ውስጥ ኦሉ በምትባል ከተማ ይማራል፤ ካርታ ላይ ብታዩዋት ከላይ ወደ ሰሜን ዋልታው ተጠግታ ነው ያለችው። ባለፈው የካቲት ቪዲዮ ላከልኝ። መሬቱ ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፣ ዛፉ ነጭ፤ እዚያ ውስጥ ሕፃናት ቦርሳቸውን አዝለው በበረዶ ላይ ብስክሌት እየነዱ ትምህርት ቤት ይገባሉ። የክረምት ብስክሌት ጉባኤ የሚባል ነገር በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እዚያው ኦሉ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2013። ተሰብስበው የተመካከሩት ስለ በረዶ ነው! እኛ ጉባኤ እንቀመጥ ብንል አጀንዳችን ካፊያ ይሆናል። ቪዲዮውን ለዚያ ለጎረምሳው አሳየሁት። አየና አየና «ጋሼ፣ እነሱ እኮ ጃኬታቸው ጥሩ ነው» አለኝ።

ይሁን። ስለ ወቅቶቹ እናውራ፤ እውነቱን ለመናገር የሀዋሳ ሰማይም ቢሆን ጥፋት የለውም አልልም።

በጋው አቧራ ነው። ቅድም እሳተ ገሞራ ብዬ የጀመርኩት ለጌጥ አይደለም። ከሥራችን ያለው መሬት የጥንት አመድና ቀላል ድንጋይ ነው፤ በጥርና በየካቲት ሲደርቅ እንደ ሽሮ ዱቄት ይበናል። አስፋልቱን ለቅቄ ወደ ሰፈሬ ስታጠፍ ከፊቴ የሚሄድ ባጃጅ ካለ እሱ መንገዱን ጨርሶ ቤቱ ሲገባ አቧራው እኔ ጋ ይቀራል። ቤቴ ስደርስ ቅንድቤ ነጭ ነው፤ ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ ከየት ወፍጮ ቤት መጣህ» ትለኛለች። ጠዋቱ ግን መልካም ነው፣ አልዋሽም። ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይነፍሳል፣ ከዛፎቹ ወፍ ይንጫጫል፣ ሰው ገና አልወጣም። እኔም ለተወሰነ ጊዜ ማጉረምረም አቆማለሁ።

ታኅሣሥ 19 ቀን ግን ማጉረምረም የሚያቆም ሰው ሰው አይደለም። የሀዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የማይመጣ መኪና የለም። ከተማው ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፤ ያ ሁሉ ባለ ሚሊዮን መኪና እርስ በርሱ ተጣብቆ ጥሩምባውን ይነፋል። እኔ በመሀል በመሀሉ ስሾልክ ከመስታወት ጀርባ ሆነው ሲያዩኝ ደስ ይለኛል፤ ገብርኤል ይቅር ይበለኝ። ታዲያ ባለፈው ንግሥ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ብስክሌቴን አስደግፌ ተሳለምኩና፣ ያ የእህቴ ልጅ የላከልኝን የብስክሌት ቆብ አውልቄ ገልብጬ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ላቤን በመሀረብ እየጠረግሁ ሳለ አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች የተከበረች ሴትዮ አጎንብሳ ሃምሳ ብር ቆቡ ውስጥ ጣል አደረገችና «አባባ፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ» ብላኝ አለፈች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ልመልስላት ስነሳ ሕዝቡ ዋጣት። ደመወዝ የምበላ፣ ጡረታ ያለኝ፣ ዲፕሎማዬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰው ነኝ! ብሩን ምን አደረግኸው ካላችሁ፣ የኋላ ከመነዳሪዬ ተበስታ ነበርና ለጎሚስታው ከፈልኩት። ጸሎቱንም አድርሼላታለሁ፤ ዕዳ አልወድም።

እንግዲህ ሰው ብስክሌቴን ሲያይ የሚታየው ይህ ነው፤ ችግር። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እኔ ወጣት መምህር ሆኜ ወደዚህ ከተማ ስመጣ ብስክሌት የክብር ነገር ነበር። ሳኒቴሪያኑ በብስክሌት፣ ፖስተኛው በብስክሌት፣ ቆጣሪ አንባቢው በብስክሌት። በ1968 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ መምህሩም ተማሪውም በብስክሌት ይመላለስ ነበር። መግዛት ያልቻለ በሰዓት ይከራያል፤ አከራዩ ጥላ ሥር ተቀምጦ የእጅ ሰዓቱን ያያል፣ አንድ ደቂቃ ያሳለፈ ልጅ ጆሮው ይቀላል። መሪው ላይ የላስቲክ አበባ፣ ራጂው ላይ ባለ ቀለም ዶቃ፣ ከኋላ ፓራፋንጎው ላይ ጥቅስ። ባለቤቴን ራሷን ያጨኋት በብስክሌት ነው፤ ከፊት ብረቱ ላይ ጎኗን ሰጥታ ተቀምጣ ከገብርኤል አደባባይ እስከ ሐይቁ ዳር ሽው ስንል ያላየን ሰው አልነበረም። ጓደኞቿ ቀንተውባታል፤ ራሷ ናት የነገረችኝ። ዛሬ ይህችው ሴት ገበያ አብረን ስንወጣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ከጎኗ ልራመድ ስል «ቀደም በል እስቲ፣ ሰው ያየናል» ትለኛለች።

አገሩም እንዲሁ ረስቷል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ ሜልቦርን በ1949 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደዋል፤ ገረመው ደንቦባ የሚባል ጀግና ነበረን። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ ከአራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ የፈረንሳይን ታላቅ ውድድር የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህን ለሰፈሬ ልጆች ስነግራቸው «ስንት ጎል አገባ?» አሉኝ።

ወደ ወቅቶቹ ልመለስ። በልግ ሲገባ ነፋሱ ይነሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ቀን ላይ መሬቱ ከሐይቁ ቀድሞ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከሐይቁ መጥቶ ቦታውን ይይዛል። ማስተማሩ ቀላል ነበር፤ መንዳቱ ነው ያቃተኝ። ማታ ስመለስ ሐይቁ በቀኜ ነው፤ ነፋሱ ከጎን እየመጣ ወደ መሀል አስፋልት ይገፋኛል፣ ከመሀል አስፋልት ደግሞ ባጃጅ ወደ ዳር ይገፋኛል። በሁለቱ ስምምነት ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ዝናቡም ሳይናገር ነው የሚመጣው። የሲዳማ አያንቶዎች የሰማዩን ከዋክብት አይተው የዘመን መለወጫቸውን የፊቼ ጫምባላላን ቀን ይቆርጣሉ፤ ዩኔስኮም በ2008 ዓ.ም. በዓሉን የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። እኔም አንድ ቀን በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሄጄ፣ በክብር ቆሜ፣ «አባቶቼ፣ ኮከቡስ ይቆየን፤ የዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ዝናብ አለ ወይስ የለም?» ብዬ መጠየቅ ያምረኛል።

ክረምቱ ግን፣ እሱ ይምጣብኝ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ! ክረምትን ለመንዳት መሰናዶ አለው። በመጀመሪያ የሱሪ ጫፍ ካልሲ ውስጥ ይገባል፤ ሰንሰለት በኩል ያለው እግር በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል፣ አለበለዚያ ሰንሰለቱ ከነግራሶው ይቆረጥመዋል። ሁለተኛ ኮርቻው ፌስታል ይለብሳል፤ ፌስታሉ የሌለው ሰው ቢሮ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ከወንበሩ አይነሳም፣ ምክንያቱን እናንተ ታውቃላችሁ። ሦስተኛ ወረቀት ያለው ሰው ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከሸሚዙ ሥር ደረቱ ላይ ያደርጋል። ጃንጥላ አይያዝም። በአንድ እጁ ጃንጥላ በአንድ እጁ መሪ ይዞ የሚነዳ ሰው አይቻለሁ፤ ነፋሱ ሲገባበት አጥር ላይ ነበር ያገኘሁት።

አብዛኛው የሀዋሳ ዝናብ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ ይነጋል። ስለዚህ በክረምት ከሥራ የመዘግየት ምክንያት በሳይንስም የለም፤ ለዳይሬክተሩ ይህንን በጽሑፍ አቅርቤለታለሁ፣ መልስ አልመጣም። ችግሩ ዝናቡ ሳይሆን ዝናቡ ጥሎት የሄደው ነው። ከምሥራቅ ከተራራው ሥር የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን፣ ጭቃውንና የሰው ጫማ ሳይቀር ይዞ ወደ ሜዳው ይመጣል፤ ሜዳ ነዋ፣ ውሃውም መሄጃ ያጣል፣ ይተኛል። የተኛ ውሃ ጥልቀቱ አይታወቅም። ጎማህ ሲገባ ወይ ውሃ ነው ወይ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ነው፤ ገብተህ ነው የምታውቀው። ከዚያ ደግሞ ኮብልስቶኑ አለ። ኮብልስቶን በበጋ ጥርስ ያራግፋል፣ በክረምት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል ይሉታል፤ እኔ በበጋውም በክረምቱም እስማማለሁ። በኩሽኔታዬና በወገቤ መካከል የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ከጎሚስታው ጋር ተወራርደናል።

ስለዚህ ሰው ልንገራችሁ፣ ከሁሉ ይልቅ ክብር የሚገባው እሱ ነውና። ከመንገዴ ዳር አንድ የዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚሠራው። ዕቃው አንድ ሳፋ ውሃ፣ አንድ ፓምፕ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ ብረትና አንድ የማስቲሽ ጣሳ ነው። ከመነዳሪውን በብረቱ ፈልቅቆ ያወጣል፣ ይነፋዋል፣ ሳፋው ውስጥ እየነከረ ቀስ ብሎ ያዞረዋል። ዓይኑን ከውሃው አያነሳም። አረፋ ብልጭ ሲል በአውራ ጣቱ ይይዘዋል፣ ያደርቀዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ማስቲሹን ቀብቶ እፍ ይልበታል፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጠውን ልጣፍ ያሳርፍበትና በመዶሻ እጀታ ይወቃዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ቃል አይናገርም። ያለፈው ዓመት ግን ተናገረ፤ «ጋሼ፣ ከአሁን በኋላ ባጃጆቹ ቀድመው ይስተናገዳሉ፣ እንጀራዬ እነሱ ናቸው» አለኝ። ወረፋ ያዝኩ። ባለ ሦስት ጎማው ሦስቱንም ጎማ ይዞ መጥቶ ከፊቴ ገባ።

እንግዲህ ወደ ባጃጁ መድረሴ አልቀረም። ባጃጅን አልጠላም፤ አሮጊት ይጭናል፣ ወላድ ያደርሳል፣ ሥራ ላጣ ልጅ እንጀራ ነው። ሁለተኛ እንዲህ ስል አትሰሙኝም። ነገር ግን ፍሬቻ የተሠራለት ለምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ጠፍቷል። ከኋላ ያለው ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ካለ ይቆማል፤ እዚያችው፣ ያችኑ ቅጽበት፣ ከኋላው ሽማግሌ ይኑር ነፋስ ይኑር ሳያይ። እኔ ፍሬኔን ይዤ፣ ጫማዬን አስፋልቱ ላይ እየጎተትኩ፣ አፍንጫዬ የኋላ ሸራው ላይ ሲደርስ እቆማለሁ። ሾፌሩ ዞሮ «ፋዘር፣ ተጠንቀቅ እንጂ!» ይለኛል። እኔ ልጠንቀቅ! ደግሞ ብር ሰጥታችሁት መልስ ጠይቁት፤ በዚህች ምድር ላይ ዝርዝር ያለው ባጃጅ ነጂ አልተወለደም። «ዝርዝር ከሌለህ አትሳፈር» ማለት ሰላምታቸው ሆኗል።

ይህንን ስትሰሙ ሳቁ፤ ባጃጅ የሚያመርተው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው ሕንድ ውስጥ ፑኔ በምትባል ከተማ ነው፤ ያቺ ፑኔ ደግሞ በዘመኗ «የብስክሌት ከተማ» ተብላ የተጠራች ነበረች! የሷንም ብስክሌት ሞተር አባረረው። በባሕር ዳርም ያው ነው፤ ጣና ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ በብስክሌቷ የታወቀች ከተማ፣ ዛሬ ጎዳናዋ በባጃጅ ተሞልቷል። የባሕር ዳር ሰው እኛ ነን የብስክሌት ከተማ ሲል ከሀዋሳ ሰው ጋር ይከራከር ነበር። አሁን ክርክሩ ቀረ፤ የሚከራከርበት ነገር ለሁለቱም አልተረፈም።

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ፣ ይሄኛው ግን ቀልድ አይደለም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺህ ልጃገረዶችን ከገጠር ወደ ከተማው አመጣ። በየጠዋቱ ሰርቪስ ለመያዝ ገና ሳይነጋ በቡድን በቡድን ሆነው በእግራቸው ሲኳትኑ አያለሁ። ሜዳ ላይ፣ ቀጥ ባለ መንገድ፣ በእግር! አንዷን ልጅ «ብስክሌት ለምን አትለምጂም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ ሴት ልጅ በብስክሌት ስትሄድ ምን ይላሉ?» አለችኝ። ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኔንም ብለውኛል፣ ለዚያውም ሽበት ይዤ። ግን እስቲ ልጠይቅ፣ ሰው ለሚለው ነገር ሁለት ሰዓት ከመሄድ ሰው ያለውን እያለ ሃያ ደቂቃ መንዳት አይሻልም? እሷም ሳቀችና መንገዷን ቀጠለች።

መንግሥት ደግሞ ዘግይቶም ቢሆን ነቅቷል። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» ብለው በወር አንድ እሑድ መኪና ከልክለው ሰው አስፋልት ላይ እንዲንሸራሸር አደረጉ። በ2012 ዓ.ም. ለእግረኛና ለብስክሌት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ ወጣ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚን የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር አይግባ ተባለ። አሁን የኮሪደር ልማቱ ወደ ሀዋሳ ሲመጣ የብስክሌት መንገድ ተለይቶ፣ ተቀብቶ፣ መብራት ተተክሎለት አየሁ። ዓይኔን አላመንኩም። ጉልበቴ በነበረ ጊዜ ጭቃ፣ ጉልበቴ ሲያልቅ ቀለም የተቀባ መንገድ! ያም ቢሆን ደስ ብሎኝ ሸሚዜን አስተኩሼ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወጣሁበት።

መንገዱ ላይ ማን ነበር? በመጀመሪያ ሙሽሮች። ሙሽራዋ ቬሎዋን መሬት ላይ ዘርግታ፣ ሚዜዎቹ ተደርድረው፣ ፎቶ አንሺው ሆዱ ላይ ተኝቶ። ደወሌን ነካሁ፤ «አባባ፣ አንዴ፣ ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው» አሉኝ። ቆምኩ። አልፌ ሄድኩ፤ ቆሎ የምትሸጥ ሴት መሀሉ ላይ ጨርቋን ዘርግታለች። ከሷ አለፍ ሲል ሕፃን በባትሪ የሚሄድ የመጫወቻ መኪና እየነዳ መጣብኝ፣ አባቱ ከኋላው በስልኩ ይቀርጸዋል። ልጁ በቀኝ አልያዘም። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ እርግጥ ነው አንድ ባጃጅ ቆሟል፤ ሾፌሩ እግሩን በመሪው ላይ ሰቅሎ ተኝቷል። «እንቅልፍህን ሌላ ቦታ አትተኛም?» ስለው አንድ ዓይኑን ከፍቶ «ፋዘር፣ ይሄ እኮ የመኪና መንገድ አይደለም፣ ማንንም አላስቸገርኩም» አለኝ። ክርክሩ ውስጥ የሆነ እውነት ስለነበረ ይበልጥ አናደደኝ።

የሆነ ሆኖ ቀን ለሁሉም ይወጣል። እነዚያ ቤንዚን የሚጠጡ ጉዶች በወጉ የሚጠጡት ሲያጡ ማየት የጀመርኩት ነዳጅ ማደያው ደጅ ሰልፉ ከመንገድ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲዘረጋ ነው። ባጃጅ በባጃጅ ላይ ተደርድሮ፣ ሾፌሮቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ አንዳንዱ ሌሊቱን እዚያው ያድራል። እኔ በዚያ ጎን ሳልፍ ሆነ ብዬ ቀስ እላለሁ። ደወሌን ሁለቴ እመታለሁ። ቆቤንም ነካ አደርጋለሁ። ባለቤቴ ይህን ሰምታ «ኃጢአት ነው» አለችኝ፤ ንስሐ አባቴ ግን ሲሰሙ ሳቁ።

ባለፈው ሳምንት ማለዳ ነው፤ በራችን ተንኳኳ። የጎረቤታችን ልጅ፣ ያ ባጃጅ የሚነዳው፣ ሁል ጊዜ ሙዚቃውን ከፍቶ ሕፃናቱን የሚቀሰቅሰው። በእጁ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ይዟል። ሰማዩ ዳምኗል፤ ካፊያም ጀምሯል። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? እማማስ ደህና ናቸው?» እያለ ሰላምታውን ያረዝማል፤ ሰላምታ ሲረዝም ጉዳይ እንዳለ የማያውቅ የለም። ባጃጁ መንገድ ላይ ደርቃበት ቆማለች። ቤንዚን ያለው አንድ ሰው ጥቁር ውሃ በኩል አለ ተብሏል፤ በእግር እንዳይሄድ ሩቅ ነው፣ በሌላ ባጃጅ እንዳይሄድ እነሱም ቆመዋል።

«እና?» አልኩት፣ እንደገባኝ እንዲገባው።

«ብስክሌቷን… ለአንድ ሰዓት ብቻ… ቶሎ እመልሳለሁ።»

ወደ ሰማይ አየሁ። «እየዘነበ እኮ ነው» አልኩት።

«ምን ችግር አለው ጋሼ፣ ካፊያ ናት።»

ይህን ከሱ አፍ ለመስማት ስንት ክረምት ጠብቄአለሁ! ሄጄ ፎኒክሴን ከግድግዳው ላይ አነሳሁ፤ ፌስታሉን ኮርቻው ላይ አለበስኩ፤ መቆንጠጫውንም ሱሪው ላይ ራሴ ሰካሁለት። መሪውን ጨብጦ እግሩን ሊያነሳ ሲል ያዝኩት።

«ሂሳብ» አልኩት።

ደነገጠ። ኪሱን ደባብሶ አንዲት ሁለት መቶ ብር አወጣ።

«መልስ የለኝም» አልኩት፤ «ዝርዝር ከሌለህ አትሳፈር።»